አንድ ገላ፣ ሁለት ሕመም



በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ የረመዷን ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አክስታችን ከሃላሌ ተነሥተው ሶዶ እኛ ቤት መጡ። ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ከተማ ናት። እኛም ያደግነው፣ አሊፍ ባ ታ ብለን ቁርኣን የጀመርነው፣ ሀ ሁ ብለን ፊደል የቆጠርነው እዚያው ነው። አክስታችን ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም፤ የዚያን ቀንም ቦዬና ሙዝ በማዳበሪያ አስጭነው ነበር። ቡናው ሲቀርብ ግን ሲኒያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ። ልጆቻችን ሲንጫጩ እንደ ወትሮው አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። «መንገዱ ነው ልጄ፣ ደክሞኛል» አሉን። እኛም መንገዱ ነው ብለን አመንን።

ሌሊቱን ከባለቤታችን ጋር ሲያወሩ አደሩ። ከሱብሒ ሶላት ስንመለስ ባለቤታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አክስታችን የወር አበባቸው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሆኖም ሰባት ወር ሙሉ ደም ሲፈሳቸው ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገሩም ነበር።

ለምን ዝም አሉ? ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 2010 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በግራ ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣ፤ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆነ። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከዚያም በደም ሥር የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት ለወራት ወሰዱ። ጸጉራቸው ረገፈ፣ ተመልሶም በቀለ። በመጨረሻም ታሞክሲፈን የተባለውን እንክብል በየቀኑ እንዲውጡ ታዘዘላቸው። ለዚህ ሁሉ ሁለት በሬዎች ተሸጡ፤ የቡና ማሳውም በመያዣ ሄደ። አክስታችን ይህን ሁሉ ቆጥረው ይዘውታል። ደሙ ሲጀምራቸው፣ «አሁን ደግሞ ምን ይሸጡልኛል?» ብለው ዝም አሉ። ሌላው ምክንያት ሐያእ ነው። የጡት ነገር ለወንድ ሐኪም ማሳየት አንድ ጊዜ ከብዷቸው ነበር፤ ይህኛው ደግሞ ከዚያ የባሰ መሰላቸው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። አክስታችን ደሙ የወር አበባ የተመለሰ መስሏቸው በእነዚያ ወራት ሶላታቸውን ብዙ ጊዜ አቋርጠዋል። እኛ በመድረሳ የፊቅህ ኪታብ ስንቀራ የሴቶችን ደም ምዕራፍ በሚገባ ተምረናል፤ ለተማሪም አስተምረናል። ያለ ወቅቱ የሚፈስ ደም፣ ማለትም ኢስቲሓዷ፣ ሶላትን እንደማያስቀር፣ ሴቲቱ ታጥባና ዉዱእ አድርጋ እንደምትሰግድ እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ትምህርት የሰጠነው ለወንድ ልጆች ነው። ትምህርቱ የሚያስፈልጋቸው የገዛ አክስታችን አልሰሙትም። ይህ ብቻም አይደለም፤ ያ ደም ምን ዓይነት የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል እኛም ብንሆን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። የሶላቱን ሁክም አወቅን፣ የገላውን ጉዳይ ግን አላወቅንም።

«ተዛምቷል»

በማግሥቱ አክስታችንን ይዘን ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድን። የተቀበለን ሐኪም የቀድሞ ታሪካቸውን ጠየቀ። የጡት ካንሰር እንደነበረባቸው ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ምርመራ አደረገ፤ በማህፀን በር አካባቢ ቁስል እንዳለ አየ። ከዚያ እኛን ለብቻችን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «የጡቱ በሽታ ተዛምቶ ወደ ማህፀን ወርዷል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ወደ ቤታቸው ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው» አለን። የሕመም ማስታገሻ ጻፈልንና ሸኘን።

እኛም አመንን። ለአክስታችን «የቆየ ቁስል ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» ብለን ዋሸናቸው። ለአጎታችን ስልክ ደወልን፤ ዕዳና አማና ካለ እንዲጣራ፣ ወሲያም እንዲታሰብ ተነጋገርን። ሰውየዋ ገና በሕይወት ቁጭ ብለው እያሉ እኛ በልባችን ቀብረናቸው ነበር። ቀደር ነው አልን። አሁን ስናስበው ግን ያ ሁሉ ለቀደር መገዛት አልነበረም፤ ሰበብ ሳያደርሱ እጅ መስጠት ነበር።

በሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን አገኘን። አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኗል። ስለ አክስታችን ስንነግረው በትዕግሥት አዳመጠና፣ «መምህር፣ ናሙና ተወስዷል ወይ? የፓቶሎጂው ወረቀት ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀን። ወረቀት እንደሌለ ነገርነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ዝም አለና፣ «እንግዲያማ የተዛመተ መሆኑ አልታወቀም። ካንሰር መሆኑም ገና አልታወቀም» አለን።

በመድረሳ የሐዲስ ሰነድ ስንማር፣ አንድ ቃል ከማን ወደ ማን እንደ ደረሰ ሰንሰለቱ ካልታወቀ አይታመንም ተብለናል። ስንት ዓመት የተማርነውን ይህን ትምህርት በአክስታችን ላይ ረሳነው። ሞታቸውን የሚያውጅ ወሬ ሲነገረን ሰነዱን ሳንጠይቅ ተቀበልን። አንድ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት፣ ያውም ተማሪያችን የነበረ፣ ትምህርታችንን ለራሳችን መልሶ አስተማረን።

ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ሆስፒታል ሄድን። የተቀበለችን ሴት ሐኪም ነበረች፤ አክስታችንም በዚህ ተጽናኑ። ከቁስሉ ላይ ትንሽ ናሙና ተቆርጦ ለፓቶሎጂ ተላከ። ሐኪሟ የ2010ሩን የጡት ምርመራ ወረቀት ጠየቀችን። አልሐምዱሊላህ፣ አክስታችን ያንን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ከሣጥናቸው ሥር አኑረውት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበቻቸው። ከዚያም እንዲህ አለችን፦ «ይህ ከጡት የመጣ አይደለም። ራሱን የቻለ ሌላ ካንሰር ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር። የጡቱም ምልክት ሌላ ቦታ አልታየኝም፤ ግን መጣራት አለበት። ይህኛው ገና ሊታከም የሚችል ይመስለኛል።»

አንባብያን ይህን ልብ በሉልን። አንድ ሰው ሁለተኛ ካንሰር ይዞሃል ሲባል ቤተሰቡ ደስ ይለዋል ብሎ ማን ያስባል? እኛ ግን ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አልሐምዱሊላህ አልን። ሁለት በሽታ መያዝ ከአንድ የተዛመተ በሽታ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የተማርነው ያን ቀን ነው።

የእንሰቱ ችግኝና የጎረቤቱ ቦዬ

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለዘመዶቻችን ስናስረዳ የተጠቀምንበት ምሳሌ ከጓሯችን የተወሰደ ነው። በወላይታ አንዲት እናት እንሰት ተቆርጣ ሥሯ ሲቀበር ብዙ ችግኝ ታወጣለች። ችግኙ ተነቅሎ ሌላ ማሳ፣ ሌላ ቀበሌ ቢተከል ዘሩ ያው የእናቱ ነው፤ ቅጠሉም ጠባዩም እሷን ይመስላል። የተዛመተ ካንሰር እንዲህ ነው። የጡት ካንሰር ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት ቢሄድ፣ እዚያም ሆኖ የጡት ካንሰር ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጡትን ሕዋስ ይመስላል፤ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። በእንሰቱ አጠገብ ቦዬ ቢበቅል ግን የእንሰቱ ልጅ ነው አይባልም። ዘሩም ሥሩም ሌላ ነው። ሁለተኛ ራሱን የቻለ ካንሰር ማለት ይህ ነው።

ሐኪሟ ያየችው ልዩነትም ይኸው ነበር። የአክስታችን የጡት ካንሰር ከጡት ወተት ቱቦ ሕዋስ የተነሣ ሲሆን፣ የሁለተኛው ሕዋስ ግን ጠፍጣፋና የማህፀን በርን ገጽ የሚሸፍነው ዓይነት ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ያን ያህል በግልጽ የማይለዩበት ጊዜም አለ። በዚያን ጊዜ ፓቶሎጂስቱ ሕዋሱን በልዩ ልዩ ቀለም ነክሮ ከየት አካል እንደ ተነሣ ይፈትሻል።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ቴዎዶር ቢልሮት የተባሉት የቪየና የቀዶ ሕክምና ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአንድ ሰው ላይ ከአንድ በላይ ካንሰር ሊነሣ እንደሚችል ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ዋረን እና ጌትስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚጠቀሱ ሦስት መስፈርቶች አወጡ። እያንዳንዱ እብጠት በእርግጥ ካንሰር መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ እያንዳንዱ ከሌላው የተለየ መሆን አለበት፤ አንዱ ከሌላው የተዛመተ ሊሆን የሚችልበት መንገድም ተጣርቶ መወገድ አለበት። ሁለቱ ካንሰሮች በ6 ወር ውስጥ ከተገኙ አብረው የመጡ ይባላሉ፤ ከዚያ በላይ ከተራራቁ ደግሞ ተከታትለው የመጡ ይባላሉ። የአክስታችን በአራት ዓመት የተራራቀ ነው።

ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል? በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲሰባሰቡ፣ ካንሰር ከያዛቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ2 እስከ 17 የሚሆኑት ሌላ ካንሰር እንደሚገኝባቸው ያሳያሉ። ቁጥሩ የሚለያየው በአቆጣጠሩና ታማሚው ምን ያህል ዓመት እንደሚከታተል ነው። የመጀመሪያውን ካንሰር አሸንፎ ረጅም ዕድሜ የሚኖር ሰው በበዛ ቁጥር፣ ሁለተኛውን የሚያይ ሰውም ይበዛል። በአገራችን ሁኔታ ደግሞ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለቱ ካንሰሮች እነዚሁ የጡትና የማህፀን በር ናቸው። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት 16,000 ያህል አዲስ የጡት ካንሰርና ከ7,000 በላይ አዲስ የማህፀን በር ካንሰር ይገኛል። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ ቢገናኙ ሊያስደንቀን አይገባም።

ለምን ሁለት ይሆናል?

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ጠንቅ ብዙ አካል ይጎዳል። ትምባሆ አፍን፣ ጉሮሮን፣ ሳንባንና የሽንት ፊኛን በአንድነት ስለሚበክል፣ ከጉሮሮ ካንሰር የዳነ አጫሽ ቆይቶ በሳንባው ሊታመም ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሕክምናው ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ጨረር ያረፈበት አካል ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ ካንሰር ሊያወጣ ይችላል፤ አክስታችን ይውጡት የነበረው ታሞክሲፈንም የጡት ካንሰር እንዳይመለስ የሚከላከል ጠቃሚ መድኃኒት ሲሆን፣ በጥቂት ሴቶች ላይ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ይህን እንክብል የምትወስድ ሴት ያለ ወቅቱ ደም ካየች አንድ ቀን እንኳ ዝም ማለት የለባትም። የሰውነት መከላከያ የደከመበት ሰውም ለአንዳንድ ካንሰር ይጋለጣል።

ሌላው ምክንያት በዘር የሚወረስ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን አልድሬድ ዋርቲን የሚባሉ የፓቶሎጂ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1895 ልብስ የምትሰፋላቸው ሴት አዝና አዩዋትና ምክንያቱን ጠየቋት። ቤተሰቧ በካንሰር እያለቀ እንደሆነና እሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረቻቸው። እንዳለችውም ሆነ፤ በወጣትነቷ በማህፀን ካንሰር ሞተች። ሐኪሙ የሴቲቱን ቤተሰብ እየተከታተሉ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተሙት። ከብዙ ዓመት በኋላ ሄንሪ ሊንች የተባሉ ሌላ ሐኪም ሥራውን ቀጠሉበት፤ ዛሬ በዘር የሚወረሰው የአንጀትና የማህፀን ካንሰር በስማቸው ሊንች ሲንድረም ይባላል። ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር የሚያጋልጡ ሁለት የዘር ምልክቶችም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተገኝተዋል። የዚያች ልብስ ሰፊ ቃል ሰሚ ባያገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ዕውቀት ይዘገይ ነበር። የቤተሰብን የሕመም ታሪክ መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልገውም።

የአክስታችን ሁለተኛ ካንሰር ግን ምክንያቱ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ግንኙነት ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ይህ ሲነገር አንዳንዱ ወዲያው ሰው መጠርጠር ይጀምራል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ግፍም ነው። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ስለሆነ አብዛኛው ባለትዳር በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ የማህፀን በር ካንሰር የማንንም ብልግና አይመሰክርም። በታመመች ሴት ላይ ሐሜት የሚጨምር ሰው የሚጠየቅበት መሆኑን ያስብ።

ሁለቱን አንድ ላይ ማከም

ሁለት ካንሰር ያለበትን ሰው ማከም ሁለት ሰው እንደ ማከም አይደለም። ገላው አንድ ነው፤ ኩላሊቱም፣ ልቡም፣ ደሙም ያው ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ያደረጉት ሁለቱንም ለየብቻ መመዘን ነበር። የጡቱ ካንሰር በሳንባ፣ በጉበትና በአጥንት አለመኖሩ ታየ፤ አልነበረም። የማህፀን በሩ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ላይ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ የትኛው ነው አሁን ሕይወታቸውን የሚያሰጋው? መልሱ ግልጽ ነበር፤ የሚደማው።

ቀጥሎ የቀድሞው ሕክምና ምን ያህል አቅም እንደ ተወ ተመረመረ። በ2010 ከወሰዱት መድኃኒቶች አንዱ በሕይወት ዘመን ሊወሰድ የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ልብን ያደክማል። ስለዚህ ምን ያህል እንደ ወሰዱ ማወቅ አስፈለገ፤ ይህም የታወቀው ከዚያው ከፌስታሉ ወረቀት ነው። ለአዲሱ ሕመም የሚሰጠው ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊትን ስለሚፈትን የኩላሊት ምርመራ ተደረገ። ጨረርም ቢሆን አንድ ጊዜ ሙሉ መጠን ባረፈበት ቦታ ላይ እንደገና እንደ ልብ አይደገምም፤ የአክስታችን ዳሌ ግን ከዚያ በፊት ጨረር አይቶ ስለማያውቅ መንገዱ ክፍት ነበር። ውሳኔውን አንድ ሐኪም ብቻውን አልወሰነም። የማህፀን ሐኪም፣ የካንሰር ሐኪምና ፓቶሎጂስት ተነጋግረው ነው የወሰኑት። እንዲህ ላለው ታማሚ ደንቡም ይኸው ነው።

ደማቸው ግን በጣም አንሶ ነበር። ደም ያነሰው ሰው ጨረሩ እንደሚገባው አይሠራለትም ስለተባልን፣ ለጀመዓው አስታወቅን። ከተራዊሕ በኋላ ወጣቶች ተሰለፉ፤ ለመስጠት ከሚፈለገው በላይ ሰው መጣ። አክስታችን በዚያ ሁኔታ እንኳ ጾሙን አልፈታም ብለው ነበር። ኢማማችን ቤት ድረስ መጥተው ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ ከአላህ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን፣ ስጦታን መመለስም አደብ አለመሆኑን በለሰለሰ ቃል ነገሯቸው። ሰሙ።

የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን የመሰሉ ሌሎች ቦታዎችም ተጨምረዋል። እኛም ወደ አዲስ አበባ ሄድን፤ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተራ ጠበቅን፤ ተራ መጠበቅ ከሕመሙ የማይተናነስ ፈተና ነው። ሕክምናው ሲጀመር ለአምስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በድምሩ 25 ጊዜ ጨረር ከውጭ ተሰጣቸው፤ በየሳምንቱም ሲስፕላቲን ታከለበት። በመጨረሻ ደግሞ ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር ተከተለ። ከገጠር የሚመጣ ታማሚ ከሕክምናው ይልቅ ማረፊያው ሊያሸንፈው ይችላል። ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ ማኅበራት አሉ። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ አባት የመሠረቱት ማኅበር ነው። የአንድ ቤት ሐዘን ለሺዎች ጥላ ሊሆን እንደሚችል ማሳያ ነው።

ለአክስታችን እውነቱን የነገርናቸው ከጉዞው በፊት ነው። ፈርተን ነበር። ሐኪሟ ግን «ገላቸው የእሳቸው ነው፤ የማያውቁትን ሕክምና እንዴት ይታገሡታል?» አለችን። ስንነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ቁስል ነው ስትሉኝ እንደምትዋሹ አውቄ ነበር። ፊታችሁን አየሁት። እኔን ያሳመመኝ ብቻዬን መፍራቴ ነው» አሉን። ለእሳቸው ስንል የዋሸን መስሎን ነበር፤ ለራሳችን ስንል ነው የዋሸነው።

ያልተከተበችው ልጅ

አሁን ከሁሉ የሚከብደንን እንጻፍ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት ጀመረ። የጤና ባለሙያዎች በየትምህርት ቤቱ መጡ። የአክስታችን የመጨረሻ ልጅ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። በከተማው ክትባቱ ሴት ልጅን ያመክናል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። አክስታችን ስልክ ደውለው፣ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ሳናጣራ፣ ለመጠንቀቅ ብለን፣ «ለዚህ ዓመት ትቅር» አልናቸው። ልጅቱ በክትባቱ ቀን ቤት ዋለች። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ዕድሜዋ አለፈ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ እናትየዋ ያ ክትባት በሚከላከለው በሽታ ታመሙ። ሐኪሟ የበሽታውን መነሻ ስታስረዳን ልጅቱ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። አልተናገረችም፤ እኛን ቀና ብላ አየችን እንጂ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ክትባቱ በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሚሊዮን ልጃገረዶች ተሰጥቷል፤ መካንነትን እንደማያስከትልም ተረጋግጧል። አዋቂ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሳያጣራ የሰጠው ቃል አማና ነው። እኛ አማናውን አጉድለናል፤ ልጅቱን አውፍ በይን ብለናታል። እሷም ብላናለች። አሁን 30 ዓመት ሲሞላት ምርመራውን እንደማትረሳ፣ እስከዚያም ምልክት ካየች ዝም እንደማትል ቃል ገብታልናለች። እኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ የክትባት ቀን ሲመጣ ወላጆችን ከበር ቆመን የምናነጋግረው እኛ ነን።

ከዚህ ምን እንማር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። እኛ ከዚህ መከራ የለቀምነውን በአጭሩ እናካፍል።

አንደኛ፣ ካንሰር የታከመ ሰው አዲስ እብጠት፣ ያልተለመደ ደም፣ የማይድን ቁስል ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካየ፣ «ተመልሶ መጣ» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ «ምንም አይደለም» ብሎም አይዘግይ። የተመለሰ ነው፣ የተዛመተ ነው ወይስ አዲስ ነው የሚለውን የሚለየው ናሙና ነው። «ናሙና ተወስዷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የምርመራ ወረቀት፣ በተለይ የፓቶሎጂውን፣ የቀዶ ሕክምናውንና የወሰዱትን መድኃኒት ዝርዝር እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡ። የአክስታችንን ሕክምና መንገድ ያስያዘው ያ የፌስታል ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በሆምጣጤው ዓይነት ፈሳሽ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ ይሰጣል፤ ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይታከማል። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት ይህ ምርመራ አይመለከተኝም አትበል። ሴት ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል፤ ሴት ባለሙያ ባትገኝ ግን ሕክምና ይቅር ማለት የሐያእ ትርጉም አይደለም።

አራተኛ፣ ባሎችና ወንድ ልጆች፣ ሴቶቻችሁ ሕመማቸውን የሚደብቁት ወጪያችሁን ፈርተው ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቋችሁ እናንተ ጠይቋቸው። ኡስታዞችም የሴቶችን ደም ሁክም ስታስተምሩ፣ «ያለ ወቅቱ ከሆነ ስገጂ፤ ከሰገድሽ በኋላ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ይህን ስንጽፍ አክስታችን ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱንም ሕመሞች የሚከታተሉባቸው ቀጠሮዎች አሏቸው፤ አንዱ ቀጠሮ ሌላውን አይተካም። ጨረሩ በአንጀታቸው ላይ የተወው ችግር አለ፤ የግራ እጃቸውም ስለሚያብጥ እንስራ አያነሡበትም። ድነዋል አንልም፤ ዕውቀቱ የአላህ ነው። ግን ባለፈው ወር ሃላሌ ሄደን ስንገባ ከእንሰቱ ሥር ቆመው ችግኝ ሲለዩ አገኘናቸው። ልጆቻችን ሲንጫጩባቸው በደንብ አድርገው ተቆጧቸው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን። እኛንም ሳያጣሩ ከሚናገሩ፣ ሰበብ ሳያደርሱም ከሚተዉ ሰዎች አያድርገን። አሚን።